ጥፋቱ የፈረሱ ነው ወይስ የባልደራሱ?

ከሞዴና ከተማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ማራኔሎ በስፋቷም ሆነ በሕዝቧ ብዛት ከሌሎቹ የሰሜን ኢጣሊያ ትንንሽ ከተሞች የምትበልጥበት ነገር የላትም። ስሟ በዓለም ሁሉ የታወቀው የፌራሪ አውቶሞቢል ፋብሪካ ስላለባት ነው። ቀይዋ መኪና በታላቅ እሽቅድምድም ድል ባደረገች ቁጥር የከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን ደወል መደወሉ የቆየ ልማድ ነው። ድል በጠፋ ጊዜ ግን በደወሉ ምትክ የሚሰማው የቲፎዞው ክርክር ነው፤ ይህም ክርክር በቡና ቤት ተጀምሮ በጋዜጣ ዓምድ ላይ ይወጣል፥ ከዚያም እንደ ገና ወደ ቡና ቤት ይመለሳል።

በ2025 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ክርክሩ ከወትሮው ይልቅ የመረረ ሆኖ ነበር። በዚያ ዓመት ከተደረጉት 24 የፎርሙላ አንድ ታላላቅ ውድድሮች ውስጥ ፌራሪ አንዱን እንኳ አላሸነፈም። የተገኘው ድል በመጋቢት ወር በሻንጋይ በተደረገው አጭር የቅዳሜ ውድድር ሉዊስ ሃሚልተን የቀደመበት ብቻ ነው። በማግስቱ በዋናው ውድድር ሁለቱም የፌራሪ መኪናዎች ከውጤት ተሰረዙ፤ የሻርል ለክሌር መኪና ከተወሰነው ክብደት 1 ኪሎ ጎድላ ስለ ተገኘች፥ የሃሚልተን ደግሞ ከሥሯ የተለጠፈው ሰሌዳ ከሚፈቀደው በላይ ተፍቆ ስለ ታየ ነው። ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሃሚልተን ዓመቱን ሙሉ በዋና ውድድር ከሦስቱ ተሸላሚዎች መካከል ሳይቆም ቀረ፤ ይህም በነጂነት ዘመኑ ደርሶበት የማያውቅ ነገር ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ፌራሪ በ398 ነጥብ አራተኛ ሲሆን፥ አንደኛ የወጣው የእንግሊዙ ማክላረን 833 ነጥብ፥ ማለት ከእጥፍ የሚበልጥ ነጥብ ነበረው።

ኤንዞ ፌራሪ በ1929 ዓ.ም. ቡድናቸውን ሲያቋቁሙ «ስኩዴሪያ» የሚል ስም ሰጡት፤ ትርጓሜውም የፈረስ ጋጥ ማለት ነው። ምልክቱም በኋላ እግሩ የቆመ ጥቁር ፈረስ ነው። ስለዚህ የቲፎዞውን ክርክር በአማርኛ ለመግለጽ ብዙ ድካም የለበትም፤ ጥፋቱ የፈረሱ ነው፥ የጋላቢው ነው፥ ወይስ የባልደራሱ? ማለት ይበቃል።

የዚያን ጊዜው ባልደራስ ከጥር 2023 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኑን የሚመሩት ፈረንሳዊው ሙሴ ፍሬደሪክ ቫሰር ነበሩ። በሰኔ 2025 ዓ.ም. ሙሴ ቫሰር ሊሻሩ ነው የሚል ወሬ በኢጣሊያ ጋዜጦች ላይ ወጣ። በሐምሌ መጨረሻ ኩባንያው ውላቸውን ለተጨማሪ ዓመታት እንዳደሰላቸው አስታወቀ። ወሬው በዚህ መቆም ሲገባው እንዲያውም ጠነከረ፤ ቲፎዞውም በሁለት ተከፈለ።

ይሻሩ የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ክስ ቀላል የሚባል አይደለም። በ2024 ዓ.ም. ፌራሪ አምስት ውድድር አሸንፎ ከአንደኛው ቡድን በ14 ነጥብ ብቻ ተበልጦ ነበር። ከዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ወደ አራተኛነት የወረደው በማን አስተዳደር ነው? ደግሞስ በዚያው ዓመት ሁለት ድል ያመጣውን ካርሎስ ሳይንዝን አሰናብቶ በምትኩ አርባ ዓመት የሞላውን ሃሚልተንን ማስገባት ምን የሚሉት ንግድ ነው? ሦስት ዓመት ለአንድ ሹም በቂ ዘመን ነው፤ ከዚህ በላይ መታገሥ ትዕግሥት ሳይሆን ቸልታ ነው ይላሉ።

ይቆዩ የሚሉት ደግሞ ብዙ ቃል አያበዙም። ለክሱ ሁሉ የሚሰጡት መልስ አንድ ስም ነው፤ እርሱም ዣን ቶድ ነው።

ይህ ስም በማራኔሎ እንደ ማኅተም ያለበት ሰነድ ሆኖ ያገለግላል፤ ክርክር በጠነከረ ጊዜ ሁሉ ከሣጥን እየወጣ ይታያል። ሰነዱ ግን ብዙ ሰው እንደሚጠቅሰው ሳይሆን እንደ ተጻፈው ሊነበብ የሚገባው ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል።

ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ሲሞቱ፥ ቤቱ ቁጣውም ሆነ ቁርጥ ፍርዱ ከአንድ ሰው የሚወጣበት ዘመን አለፈ። በ1990 ዓ.ም. አላን ፕሮስት ለሻምፒዮንነት ተቃርቦ ሳይሆንለት ቀረ። በ1991 ዓ.ም. አንድ ድል እንኳ አልተገኘም። በዓመቱ አጋማሽ የቡድኑ ሹም ተሻሩ፤ ፕሮስትም መኪናዋን ከካሚዮን ጋር አመሳስሎ በመናገሩ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሳይደርስ ተሰናበተ። እንግዲህ ባልደራሱም ጋላቢውም በአንድ ዓመት ወጡ፤ ፈረሱ ግን ያው ፈረስ ነበረ። 1992 እና 1993 ዓ.ም. ያለ ድል አለፉ።

በ1991 ዓ.ም. መጨረሻ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት ሲኞር ሉካ ዲ ሞንቴዜሞሎ በወጣትነታቸው ይህንኑ የእሽቅድምድም ቡድን መርተው፥ በ1975 ዓ.ም. ከኒኪ ላውዳ ጋር የዓለም ሻምፒዮናን ያገኙ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም ነገሩን ከመረመሩ በኋላ ከፈረንሳይ አገር ሙሴ ዣን ቶድን አስመጡ። ሙሴ ቶድ በፔጆ ኩባንያ የእሽቅድምድም ክፍል ሹም ሆነው በራሊ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና፥ ከፓሪስ እስከ ዳካር በሚደረገው የበረሃ ውድድር አራት ድል፥ በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርም ሁለት ድል ያስገኙ ሲሆኑ፥ ወደ ማራኔሎ የገቡት ሐምሌ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

ያገኙት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደ ነበረ መግለጽ ተገቢ ነው። ሞተሩ የሚሠራው ማራኔሎ ነው፤ የመኪናዋ አካል ግን የሚነደፈው በእንግሊዝ አገር በጊልድፎርድ ከተማ አጠገብ ነበር። ንድፉን የሚሠሩት የታወቁት መሐንዲስ ሚስተር ጆን ባርናርድ ኢጣሊያ ሄደው ለመኖር ፈቃደኛ ስላልሆኑ፥ ኩባንያው እዚያው እንግሊዝ አገር ቢሮ ከፍቶላቸው ነበር። የመሥሪያ ቤት ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። እርሳስ የያዘው በአንድ አገር፥ መዶሻ የያዘው በሌላ አገር ሲሆን፥ ጉድለት በታየ ቁጥር እያንዳንዱ ወገን ወደ ሌላው ለማመልከት ይመቸዋል። የሚጠየቀው ግን በመካከል የተቀመጠው ሹም ብቻ ነው።

ሙሴ ቶድ ከገቡ በኋላ ድል የመጣው እጅግ በዝግታ ነበር። በሐምሌ 1994 ዓ.ም. ጌርሃርድ ቤርገር በጀርመን አገር በሆከንሃይም አሸነፈ፤ ይህም ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ድል ነው። በሰኔ 1995 ዓ.ም. ዣን አሌዚ 31ኛ የልደት ቀኑን ባከበረበት ዕለት በካናዳ ቀደመ። በየዓመቱ አንድ፥ አንድ ድል ብቻ ማለት ነው። ለ1996 ዓ.ም. ሁለት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነው ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማከር በብዙ ገንዘብ መጣ፤ የሕዝቡም ተስፋ ከገንዘቡ ጋር አብሮ ከፍ አለ። ሹማከር በሰኔ መጀመሪያ በባርሴሎና ኃይለኛ ዝናም በሚዘንብበት ቀን ሁሉን ጥሎ በመቅደም ተስፋውን እውነት አስመሰለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በቲፎዞው ዘንድ በኀዘን ይተረካል። በካናዳ ሁለቱም መኪናዎች ከውድድሩ መካከል ወጡ። በፈረንሳይ አገር በማኚ ኩር ሹማከር ከሁሉ ፊት እንዲነሣ ቦታ አግኝቶ ሳለ፥ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በሚደረገው የማሟሟቂያ ዙር ላይ ሞተሩ ተቃጠለ፤ ባልንጀራው ኤዲ ኤርቫይንም ብዙ ሳይሄድ ካምቢዮ ተበላሸበት። በእንግሊዝ አገር በሲልቨርስቶን ሁለቱም ጥቂት ዙር ብቻ ሄደው ቆሙ። በተከታታይ በሦስት ውድድር ከስድስት መኪና አንዲቱ እንኳ ከመጨረሻው መስመር አልደረሰችም። የኢጣሊያ ጋዜጦች የሙሴ ቶድን መሻር በትልልቅ አርእስት ጠየቁ፤ እርሳቸውም ሥራቸውን ለመልቀቅ ዝግጁ መሆናቸውን ለፕሬዚዳንቱ ገለጹ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ተደረገ። ሲኞር ሞንቴዜሞሎ አልቀበልም አሉ። ሹማከርም ቶድ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ ብሎ አቋሙን ገለጠ። እንደ ሹማከር ያለ ነጂ ይህን ሲናገር፥ መካኒክም ሆነ መሐንዲስ ሹሙ ነገ ይሻራሉ ብሎ ሥራውን የሚያዘገይበት ምክንያት አይኖረውም። በነሐሴ መጨረሻ በቤልጅግ አገር በስፓ፥ በመስከረም ደግሞ በራሷ በሞንዛ ሹማከር ድል አደረገ፤ ፌራሪ በሞንዛ ሲያሸንፍ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በሐምሌ ይሻሩ ተብሎ የተጻፈባቸው ሰው በመስከረም የሞንዛ ድል ባለቤት ሆኑ።

ዋናው ሥራ ግን ከሞንዛ በኋላ የመጣው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚስተር ሮስ ብራውን የቴክኒክ ሹም ሆነው መጡ፤ ቀጥሎም በታይላንድ አገር የባሕር ጠለቃ ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ከሥራ ዓለም የወጡት ንድፍ ዐዋቂው ሚስተር ሮሪ በርን ተለምነው ተመለሱ። ሚስተር ባርናርድ ተሰናበቱ፤ የንድፉም ሥራ ጠቅልሎ ወደ ማራኔሎ ገባ። አዲስ የነፋስ መፈተኛ ቤትም ተሠራ። ይህም ሁሉ ሆኖ የነጂዎቹ ማዕረግ ወዲያው አልተገኘም። በ1997 ዓ.ም. በሄሬዝ ሹማከር ከተፎካካሪው ጋር ተጋጭቶ ከዓመቱ የሻምፒዮና ደረጃ ተሰረዘ፤ በ1998 ዓ.ም. በሱዙካ ጎማው ፈነዳ፤ በ1999 ዓ.ም. እግሩ ተሰበረ፥ ይሁን እንጂ ቡድኑ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያላገኘውን የቡድን ማዕረግ አገኘ። ጥቅምት 8 ቀን 2000 ዓ.ም. ሹማከር በሱዙካ ሻምፒዮን ሲሆን፥ ፌራሪ የነጂ ማዕረግ ካጣ 21 ዓመት፥ ሙሴ ቶድ ከተሾሙ ደግሞ ከ7 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ማዕረጉ ከማራኔሎ አልወጣም።

እንግዲህ የሒሳብ መዝገብ ማገላበጥ የለመደ ነጋዴ ሁለቱን ፈረንሳውያን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው የሚያገኘው ነገር ያስደንቃል። ሙሴ ቶድ ከተሾሙበት ቀን ጀምሮ እስከዚያች እስከ ከፋችው የሲልቨርስቶን ዕለት ድረስ ሦስት ዓመት ነው፤ በ52 ውድድር ውስጥ ያገኙት ድል ሦስት ብቻ ነበር። ሙሴ ቫሰር ከ2023 እስከ 2025 ዓ.ም. ባለው ሦስት ዓመት በ70 ውድድር ስድስት ድል አግኝተዋል። በቁጥር ብቻ ከተሄደ የተወቀሱት ከተመሰገኑት ይበልጣሉ። ይቆዩ የሚሉት ወገኖች ይህን ማስረጃ በደስታ ቢጠቅሱት አይፈረድባቸውም።

ይሁን እንጂ ባላጋራዎቻቸው ለዚህም መልስ አላቸው፤ የመልሱም ስም ኢጣሊያዊ መሆኑ ለማራኔሎ ሰዎች ይበልጥ ይመራል። ሲኞር አንድሬያ ስቴላ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በፌራሪ ቤት በመሐንዲስነት ያገለገሉ ሲሆኑ፥ ከዚያ ወደ ማክላረን ሄደው፥ ልክ ሙሴ ቫሰር በፌራሪ በታጩበት በታኅሣሥ 2022 ዓ.ም. የማክላረን ቡድን ሹም ሆነው ተሰየሙ። በ2023 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውድድሮች ማክላረን አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም። ሲኞር ስቴላ በዚያው በመጋቢት ወር የቴክኒኩን ክፍል አስተዳደር አፍርሰው እንደ ገና አደራጁት፤ በ2024 እና በ2025 ዓ.ም. የቡድኑን ማዕረግ ወሰዱ። በ2024 ዓ.ም. ፌራሪን በ14 ነጥብ የበለጠው ይኸው ቡድን ነው። አንድ ቀን የተሾሙ ሁለት ባልደራሶች፥ አንዱ ዓለሙን ሲገዛ ሌላው አራተኛ ከወጣ፥ ጊዜ ይሰጠው ማለት ምን ትርጉም አለው? ይላሉ።

ነገሩን ከሁለቱም ወገን ወጥቶ ለሚመለከት ሰው ግን ማራኔሎ ሹም በመሻር ረገድ ሰንፎ አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. ብቻ ሦስት ሰዎች ተፈራርቀዋል፤ በሚያዝያ ሲኞር ስቴፋኖ ዶሜኒካሊ ለቀቁ፥ በምትካቸው የገቡት ሲኞር ማርኮ ማቲያቺ ኅዳር ላይ ወጡ፥ ቦታውንም ሲኞር ማውሪትሲዮ አሪቫቤኔ ያዙ። በጥር 2019 ዓ.ም. ሲኞር ማቲያ ቢኖቶ ተተኩ፤ እርሳቸውም በ2022 ዓ.ም. አራት ድልና ሁለተኛ ደረጃ አስገኝተው ሳለ በዓመቱ መጨረሻ ተሰናበቱ። ከዘጠኝ ዓመት ባነሰ ጊዜ አምስት ሹም ማለት ነው። ሲኞር ሞንቴዜሞሎ ራሳቸው በዚያው በ2014 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንትነታቸው ወረዱ። የመጨረሻው የቡድን ማዕረግ የተገኘው በ2008 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፥ ሹም ሽር ብቻውን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በሽተኛው ከብዙ ጊዜ በፊት በዳነ ነበር።

ነገር ግን ይቆዩ የሚሉትም የቶድን ሰነድ ግማሹን ብቻ ያነባሉ። ሙሴ ቶድ የተረፉት በትዕግሥት ብቻ አይደለም። ፕሬዚዳንቱ በአደባባይ ጋሻ ሆነውላቸዋል፤ ታላቁ ነጂ ዕድሉን ከእርሳቸው ዕድል ጋር አስሯል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በሁለት አገር ተከፍሎ የነበረውን ሥራ በአንድ ጣራ ሥር እንዲሰበስቡ፥ የፈለጉትንም ሰው እንዲያስመጡ ሥልጣኑም ገንዘቡም ተሰጥቷቸዋል። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ የሦስቱ ዓመት ትዕግሥት አራተኛ የከሰረ ዓመት ብቻ ይጨምር ነበር።

ታዲያ ሙሴ ቫሰር ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን አግኝተዋል? ውላቸው ታድሷል፤ ይህ ቀላል አይደለም። ከመርሴዲስ ቡድን ያስመጧቸው መሐንዲስ ሙሴ ሎይክ ሴራ በጥቅምት 2024 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። የጋሻው ነገር ግን አጠያያቂ ነው። በኅዳር 2025 ዓ.ም. በብራዚል ሁለቱም መኪናዎች ከውድድር በወጡ ማግስት፥ ፕሬዚዳንቱ ሲኞር ጆን ኤልካን መካኒኮቹንና መሐንዲሶቹን አመስግነው፥ ነጂዎቹ ግን ንግግር ቀንሰው በመንዳት ላይ ሐሳባቸውን እንዲያሳርፉ በአደባባይ ተናገሩ። ንግግሩ በቲፎዞው መካከል ሌላ ክርክር አስነሣ፤ ከፊሉ እውነት ተነገረ ሲል፥ ከፊሉ ጋላቢን በገበያ መካከል መገሠጽ ለባልደራሱም ክብር አይሆንም አለ። የሁለተኛው ወገን አስተያየት የተሻለ ይመስላል። ሹም ካለ ነጂውን የሚገሥጸው ሹሙ ነውና፤ ከሹሙ በላይ ያለው ሲገሥጽ፥ ሰሚው ሹሙ ምን ሥራ አለው ብሎ ይጠይቃል።

የሚቀጥለውን የ2026 ዓ.ም. ውድድር በሚመለከት ደግሞ፥ በ2025 ዓ.ም. መጨረሻ ተስፋም ሥጋትም የሚጥል ነገር ነበር። ደንቡ ከሥር እስከ ላይ ተለውጦ፥ የመኪናዋ ኃይል ግማሽ ያህሉ ከኤሌክትሪክ እንዲገኝ፥ አካሏም እንዲያጥርና እንዲቀል ተወስኖ ነበር። ሙሴ ቫሰር በዓመቱ ማለቂያ ላይ እንደ ገለጹት፥ የ2025 ዓ.ም. መኪና በነፋስ ላይ ያላትን አካሄድ የማሻሻሉ ሥራ ገና በሚያዝያ መጨረሻ ቆሞ፥ የሰዉ ጉልበት ሁሉ ወደ አዲሲቱ መኪና ዞሮ ነበር። ይህን የሰሙት ቲፎዞዎች እንደ ልማዳቸው ተከፈሉ። አንዳንዶቹ፥ የማይሸጥ ዕቃ በኪሳራ አራግፎ ለሚመጣው ገበያ ገንዘብ እንደሚያዘጋጅ ነጋዴ ያለ ብልህነት ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፥ ብልህነት ቢሆን ኖሮ በሚያዝያ በተነገረን ነበር፥ በኅዳር መነገሩ ምክንያት ፍለጋ ነው አሉ፤ ይህም ነቀፋ ያለ ፍሬ የተወረወረ አይደለም፤ ምክንያቱም ቲፎዞው ሰባት ወር ሙሉ ሊሻሻል የማይችለውን ነገር ሲጠብቅ ቆይቷል።

አራተኛ መውጣትም አንድ የተሰወረ ጥቅም አለው። በደንቡ መሠረት አንደኛ የወጣው ቡድን በነፋስ መፈተኛ ቤት ከመደበኛው ሰዓት 70 ከመቶ ብቻ ሲፈቀድለት፥ አራተኛው 85 ከመቶ ይፈቀድለታል። በ1996 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ደንብም አልነበረም፥ የወጪም ወሰን አልነበረም፤ ሲኞር ሞንቴዜሞሎ የቻሉትን ያህል ገንዘብ ያወጡ ነበር። ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ ግን ወጪው በሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ከሌላ ቤት መሐንዲስ የሚያስመጣ ሹም በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይታሰራል፤ መሐንዲሱ ከቀድሞው ቤት ጋር የገባው ውል ብዙ ወራት ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ ያስገድደዋልና።

ከዚህ የተነሣ ይሻሩ የሚሉት ወገኖች እንኳ ስለ አንድ ነገር አልተከራከሩም። በታኅሣሥ 2025 ዓ.ም. በሙሴ ቫሰር ወንበር ማንም ይቀመጥ ማን፥ በመጋቢት ወር በሜልቦርን ለውድድር የምትቀርበው መኪና ሙሴ ቫሰር ያስነደፏት መኪና ናት። ክርክራቸው ሹሙ ከእርሷ ጋር ይፈተኑ ወይስ ከእርሷ በፊት ይሂዱ በሚለው ላይ ብቻ ቀረ።